የሕፃናት ማቆያ በጎ አድራጎት ነው ወይስ የሥራ ወጪ? ለአንዲት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዋና መሥሪያ ቤቱ ሰንጋተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል የመድን ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። በዋናው መሥሪያ ቤት 210 ያህል ሠራተኞች አሉን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ባለፉት 2 ዓመታት ከወሊድ ፈቃድ የተመለሱ በርካታ ባለሙያዎቻችን ብዙ ሳይቆዩ ለቀውብናል። የሕፃናት ማቆያ እንድንከፍት ሐሳብ ባቀርብም ማኔጅመንቱ ‹እኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለንም፣ ሕጉም አያስገድደንም፣ ቦታም የለንም› የሚል መልስ ሰጠኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?»

ጤና ይስጥልኝ። ማኔጅመንቱ ካነሣቸው ሦስት ምክንያቶች የሕጉ ጉዳይ ትክክል ነው፣ የቦታው በከፊል ትክክል ነው፣ የበጎ አድራጎቱ ግን የተሳሳተ ነው። ሦስቱንም እመለስባቸዋለሁ፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ግን ስለ በጎ አድራጎቱ ነው፤ ምክንያቱም ውሳኔው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ለግል ድርጅቶች የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ እንድታርፍ ይደነግጋል፤ አባት 3 ተከታታይ ቀን ይሰጠዋል። ማቆያ ማቋቋምን በሚመለከት ግን አሠሪውን የሚያስገድድ አንቀጽ የለውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኩል ነገሩ የተለየ ነበር፤ የ2010 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እናቶች ጡት የሚያጠቡበትና ሕፃናቱን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲቋቋም መሥሪያ ቤቶችን ያዝዝ ነበር፣ ለአባትም 10 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ «ሕጉ አያስገድደንም» ለሚለው መልስዎ «ልክ ነው፣ እኔም ስለ ሕግ አይደለም የማወራው» የሚል ይሁን። በማስፈራራት የተከፈተ ማቆያ ከአንድ የበጀት ዓመት በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤት ሆኖ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ጉዳይ ለሳምንታት እመላለስ ነበር። የወር ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ስልኳን ከኮምፒውተሯ አጠገብ አስቀምጣ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ቤት ትደውላለች። የቤት ሠራተኛዋ ከሁለት ቀን በፊት ጥላት ሄዳ ስለነበር የ7 ወር ልጇን ለጎረቤት እናት ሰጥታ ነበር የመጣችው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ አልተነሣም። በድጋሚ ደወለች፣ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ከሩብ ድረስ ማያ ገጹ ላይ ያለው ሰንጠረዥ አንድ መስመር እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም ነበር። የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያው ያን ቀን ሙሉ ቀን እንደሠራች ነው የመዘገበው። በሦስተኛው ሳምንት የሥራ መልቀቂያ አስገባች። «የግል ጉዳይ» የሚል ምክንያት ነበር የጻፈችው።

ይህን ያነሣሁት የእርስዎም ማኅደሮች «የግል ጉዳይ» በሚሉ መልቀቂያዎች የተሞሉ እንደሚሆኑ ስለምገምት ነው። የችግሩ ባሕርይ የሕፃኑ እንክብካቤ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። ዛሬ አለ፣ ነገ መኖሩ አይታወቅም፤ ይህ ነው ሥራውን የሚበላው። ቀድሞ የአዲስ አበባ እናት አያት፣ እኅት፣ ወይም ከአገር ቤት የመጣች የዘመድ ልጅ ነበረቻት። ዛሬ የመሃል ከተማው ሠፈር እየፈረሰ ቤተሰቡ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል፤ ሥራው ግን እዚሁ ሜክሲኮ፣ ሰንጋተራና ካዛንቺስ ነው የቀረው። የቤት ሠራተኛ በደላላ ትገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የተሻለ ክፍያ ስታገኝ ወይም ወደ አረብ አገር የመሄድ ዕድል ሲገጥማት ትሄዳለች፣ በእርሷም ቦታ ብንሆን የምናደርገው ይህንኑ ነው። እናትየው ሌላ እስክታገኝ ድረስ የሚባክነው ቀን ከእናንተ ድርጅት ላይ ነው የሚቆረጠው።

ስለዚህ ለማኔጅመንቱ የሚቀርበው ጥያቄ ‹ለሕፃናት እንክብካቤ ገንዘብ እናውጣ ወይስ አናውጣ› መሆን የለበትም፤ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው፣ የሚወጣው ግን በመቅረት፣ በመልቀቅና በአዲስ ቅጥር በኩል በመሆኑ አንድ የሒሳብ መደብ ላይ ተሰብስቦ አይታይም። እንዲታይ ማድረግ የእርስዎ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ ላሳይዎ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸውና በራስዎ መዝገብ ይተኳቸው።

የካሳ ጥያቄ የምታስተናግድ፣ 5 ዓመት ያገለገለች፣ ወርኃዊ ደመወዟ 20,000 ብር የሆነ ባለሙያ ለቀቀች እንበል። ቦታው ለ2 ወር ክፍት ይሆናል። ከሥራዋ ግማሹን ባልደረቦቿ በትርፍ ሰዓት ይሸፍኑታል፤ በአዋጁ መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ ስለሚታሰብ፣ ደመወዛቸው ተመሳሳይ ከሆነ ይህ 30,000 ብር ነው። የምትተካት ሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሥራውን ግማሽ ብቻ ብትሠራ ሌላ 30,000 ብር ይሆናል። ደመወዙ 30,000 የሆነ የቅርብ ኃላፊ ለእነዚያ 3 ወራት የጊዜውን ሩብ ለማሠልጠን ቢያውል 22,500 ብር። ድምሩ 82,500 ይመጣል። ቦታው ክፍት በነበረበት ጊዜ ያልተከፈለውን የ2 ወር ደመወዝ፣ ማለትም 40,000 ብር፣ ካልቀነሳችሁ ግን የፋይናንስ ኃላፊያችሁ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ወረቀታችሁን ውድቅ ያደርገዋል፤ ትክክልም ይሆናል። ሲቀነስ የተጣራው ወጪ 42,500 ብር ነው። ያልተሠራው የሥራ ግማሽና ካሳው የዘገየበት ደንበኛ ቅሬታ እዚህ ውስጥ የለም።

በሌላ በኩል ለ12 ሕፃናት ለእያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር የማቆያ ክፍያ ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ ቢሸፍን በዓመት 432,000 ብር ያወጣል። በዚህ ምክንያት በዓመቱ ውስጥ 3 ሰዎች ከመልቀቅ ቢቀሩ የሚድነው 127,500 ብር ነው። ከ12ቱ እናቶች እያንዳንዷ በዓመት 18 ቀን ከሥራ ትቀር ከነበረና ወደ 9 ቀን ከወረደ፣ የቀን ደመወዟን 770 ብር ገደማ ብናደርግ፣ ሌላ 83,000 ብር ይገኛል። ሁለቱ ተደምረው 210,500 ብር፣ ማለትም ከወጪው ግማሽ ገደማ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ አማካሪዎች የሚሠሩትን ስህተት እርስዎ እንዳይደግሙት እለምንዎታለሁ። ማቆያ ወጪውን በሙሉ ይመልሳል፣ እንዲያውም ያተርፋል የሚል ወረቀት ይዘው ይገባሉ፤ ድጋፉን ያገኙት ሁሉ ያለ እርሱ ይለቁ እንደነበር አድርገው ያሰላሉ። ይህ እውነት አይደለም፤ አብዛኞቹ በመከራም ቢሆን ይቆዩ ነበር። ከላይ ያለው ስሌት የሚለው ሌላ ነገር ነው፦ ድርጅቱ በራሱ የሥራ ጥቅም ብቻ ተመርቶ ከወጪው ግማሽ ያህሉን ቢሸፍን አይከስርም፣ ቀሪውን ወላጆች ይጋራሉ። ወላጆችም ግማሹን ለመክፈል ይስማማሉ፤ ዛሬ ለሞግዚት ደመወዝ፣ ለምግቧና ለደላላ የሚያወጡት ከዚያ አያንስምና። ወጪ መጋራቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚከፍል ወላጅ ጥራት ሲጓደል ዝም አይልም።

ሌሎች አገሮች ያዩትም አለ። ናይሮቢ ውስጥ ኮሮጎቾ በሚባለው የድሆች ሠፈር ለእናቶች የማቆያ ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ተሰጥቶ በጥናት ተፈትኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ቫውቸር የቀረበላቸው እናቶች ሥራ ላይ የመገኘት ዕድላቸው ካልቀረበላቸው በ8.5 የመቶኛ ነጥብ በልጧል። የእናንተ ሠራተኞች የኮሮጎቾ እናቶች አይደሉም፣ ቁጥሩን አንሥቶ እዚህ መለጠፍ አይገባም። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ስለ ብቸኛ እናቶች የተገኘው ነው፦ የመቀጠር ዕድላቸው እምብዛም አልጨመረም፣ ነገር ግን ሰዓቱ ወደተስተካከለ ሥራ ተዛውረው፣ ገቢያቸው ሳይቀንስ የሥራ ሰዓታቸው አጠረ። ማቆያ ሥራ ላልነበራት እናት ሥራ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ሥራ ላላት ደግሞ የተረጋጋ ሰዓት ይሰጣል። የመድን ድርጅት የሚፈልገውም ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

የቺሊ ልምድ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የማቆያችሁን ደንብ ስታረቁ ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት። የቺሊ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሴቶችን የሚቀጥር ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻቸው ማቆያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ግዴታው የሚቆጠረው በሴቶች ብዛት ስለነበር ወጪው ተመልሶ በሴቶቹ ላይ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበ ጥናት እንዳሳየው ግዴታው በሚመለከታቸው ድርጅቶች ውስጥ የሴቶች የመነሻ ደመወዝ ከ9 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለችው የወሊድ ጥቅም ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሁሉ፣ በወንድ በሴት ሳይለይ፣ ማቆያ እንዲኖረው አድርጋለች። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቀጣሪው ማንን ልቅጠር ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ግን ትልቅ ነው።

በእኛም አገር ይህ ስጋት በተግባር አለ። የወሊድ ፈቃድ ደመወዝን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው አሠሪው ራሱ ነው፤ የጡረታ መዋጮ የሚሰበሰብበትን ዓይነት የጋራ ቋት ለዚህ አላቋቋምንም። በቃለ መጠይቅ ላይ «ትዳር አለሽ? ልጅስ?» ተብላ ያልተጠየቀች ወጣት ሴት ማግኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማቆያችሁ «የእናቶች ፕሮግራም» ተብሎ እንዳይጠራ አጥብቄ እመክራለሁ። የወላጆች ይባል፣ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ አባት በራሱ ስም ልጁን ማስመዝገብ ይቻለው፣ ወጪውም ለሁሉም የሥራ ክፍሎች በሠራተኛ ብዛት ይደልደል። ብዙ ሴቶች ያሉበት ክፍል ብቻ ከበጀቱ ከተቀነሰበት፣ የዚያ ክፍል ኃላፊ በሚቀጥለው ቅጥር ላይ የሚያደርገውን ለመገመት አይከብድም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156ም የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ወንዶችንና ሴቶችን በእኩል ነው የሚያየው።

ወደ ቦታው ጥያቄ ልምጣ። ሰንጋተራ ላይ ምድር ቤቱን ባንክና ሱቅ ይዞታል፤ ለቢሮ የሚከራየው ከላይ ያለው ነው። ሕፃናትን 9ኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥን አልደግፍም። መብራት ሲጠፋ አሳንሰር ይቆማል፣ እሳት ቢነሣ ደግሞ መራመድ የማይችሉ 12 ልጆችን በደረጃ የሚያወርድ ሰው አታገኙም። ምድር ቤት ወይም 1ኛ ፎቅ ካልተገኘ በሕንፃችሁ ውስጥ አትክፈቱ። ይልቁንም በአካባቢያችሁ እንደ እናንተ 200 እና 300 ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተስማምተው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ግቢ ያለው ቤት ቢከራዩ፣ ለአንዱ የማይቻለው ለሦስቱ ይቻላል። ሥራውን ራሳችሁ አትሥሩት፤ ፈቃድ ላለው የማቆያ ባለሙያ በውል ስጡት።

ከዚያ በፊት ግን ሠራተኞቻችሁ የት እንደሚኖሩ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ማቆያው ባዶ የሚቀረውም በዚህ ነው። ከአራብሳ የምትነሣ እናት የ5 ወር ሕፃን አዝላ በ12 ሰዓት የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ልትቆም አትችልም፤ ብትችልም በሰኔ ዝናብ አይደረግም። ሰርቪስ ካላችሁ ሕፃን ይዞ መሳፈር መፈቀዱን በጽሑፍ አውጡ፣ የፊት ወንበሮችንም ለእነርሱ ያዙ። ሰርቪስ ከሌላችሁ መፍትሔው በዕድሜ ይለያያል፦ ገና ጡት ለሚጠባ ሕፃን ማቆያው ሥራ ቦታ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ2 ዓመት በላይ ለሆነው ግን ቤቱ አጠገብ ባለ ማቆያ ክፍያውን መጋራት ይሻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ አበል መልክ ደመወዝ ላይ ከመደመራችሁ በፊት የግብር ባለሙያ አማክሩ፤ አበል ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ሲታሰብ በከፍተኛው እርከን ላይ ላለች ሠራተኛ 35 በመቶው ለግብር ይሄዳል።

ስለ ጥራት አጭር ነገር ልበል። የማቆያ ጥራት በቀለማት በተቀባ ግድግዳ አይለካም፤ አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን እንደያዘችና ለስንት ጊዜ እዚያው እንደቆየች ነው የሚለካው። በእንግሊዝ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተደነገገው አንዲት ለ3 ነው። ውል ስትፈርሙ ይህን ቁጥር አስገቡ፤ የሞግዚቶቹን ዝቅተኛ ደመወዝም አስገቡ። እነርሱም ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ በየሁለት ወሩ የሚለቁ ከሆነ ከቤት ሠራተኛው ችግር አልተላቀቃችሁም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየራችሁት።

ማቆያው እስኪከፈት ድረስ በሚቀጥለው ወር ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ እርሱም የጡት ማጥቢያ ክፍል ነው። የወሊድ ፈቃዱ የሚያልቀው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ያለች አንዲት ሠራተኛ የወረቀትና የቶነር ካርቶን በተደረደረበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ወተቷን ስታልብ አግኝቻታለሁ፤ ቁልፍ አልነበረውም። ያለበችውን ወተት ከሠራተኛው ምሳ ጋር በጋራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ አፍራ መታጠቢያው ላይ ደፋችው። የሚያስፈልገው በውስጥ የሚቆለፍ አንድ ትንሽ ክፍል፣ ወንበር፣ ሶኬት፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ስለሚቆይ፣ ጠዋት የታለበው ማታ ቤት ይደርሳል። ለዚህ ቦታ የለንም የሚል ማኔጅመንት አላጋጠመኝም፤ ጠያቂ ነው የሌለው።

ወደ ማኔጅመንቱ ተመልሰው ሲገቡ እንግዲህ ሦስት ወረቀት ይያዙ። አንደኛው ያለፉት 2 ዓመታት ለቃቂዎች ዝርዝር ከመተኪያ ወጪያቸው ጋር፤ ሁለተኛው ስም ሳይጠቀስ የተሞላ የወላጆች መጠይቅ፣ የልጆችን ዕድሜና የመኖሪያ ሠፈርን የሚያሳይ፤ ሦስተኛው ከጎረቤት ድርጅቶች ቢያንስ ከአንዱ የሰው ኃይል ኃላፊ ጋር የተደረገ ንግግር ማስታወሻ። ለ12 ወር ሙከራ ብቻ ይጠይቁ፣ የመቅረትና የመልቀቅ ቁጥሩም በየ3 ወሩ እንደሚቀርብ ቃል ይግቡ፤ ቁጥሩ ካልተሻሻለ እንዲዘጋ አብረው ይስማሙ። ቦታው ከጠያቂው ሲያንስ ማን እንደሚቀድም ደንቡ ላይ ከወዲሁ ይጻፉ፤ የሥራ ደረጃ መለኪያ ከሆነ ማቆያው በአንድ ዓመት ውስጥ የኃላፊዎች ልጆች ቤት ይሆናል። የልጅ ዕድሜና ብቸኛ ወላጅነት ቢቀድሙ ይሻላል።

የመዝጊያ ሰዓቱንም ከሥራ መውጫችሁ ቢያንስ በአንድ ሰዓት አሳልፉት። ማቆያው 11፡30 የሚዘጋ ከሆነ 11 ሰዓት ላይ የሚጠራ ስብሰባ ሁሉ አንዲትን እናት ወይም አንድን አባት ከመሐል ያስነሣል፣ የሚነሣውም ሁልጊዜ ያው ሰው ይሆናል።